ሥጋችንም የእግዚአብሔር ነው

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር)

 

ስለ ጤንነት ተናገሪ ስባል ፈርቼ ነበር። ሐኪም አይደለሁም፤ ሰባኪም አይደለሁም። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ እየተሸከምኩ ዘጠኝ ዓመት ዳገት የወጣሁና የወረድኩ ሴት ነኝ። የምናገረውም በራሴ የደረሰውን ነው።

ያን ጊዜ ሳይነጋ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስተን ጋራውን እንይዛለን። ሠላሳና አርባ ኪሎ ጀርባ ላይ ሲታሰር ሰው ወገቡን እንጂ ነፍሱን አያስብም። ማታ ቤት ስገባ ልጆቼን ለማነጋገር እንኳ አቅም አልነበረኝም። ሥጋዬን እንደ አህያ ነበር የማየው። አህያ እንኳ ሲመሽ ጭነቷ ይወርድላታል።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም. ተመርምሬ ኤችአይቪ በደሜ ውስጥ ተገኘ። መድኃኒቱ በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ስለነበር ደረሰልኝ፤ ጀመርኩት። ልቤ ግን አላረፈም። እንቅልፍ አጣሁ፣ ከጎረቤት ራቅሁ፣ ከልጆቼ ጋር በአንድ ትሪ መብላት ፈራሁ። እንደ ብዙዎች እኔም ወደ እንጦጦ ማርያም ጸበል ወጣሁና ከሌሎች ሴቶች ጋር አንዲት ክፍል ተከራየሁ።

እዚያ ያገኘሁትን ሰላም አልክድም። በዚያ ብርድ በጠዋት ተጠምቄ፣ ጸበሉን ጠጥቼ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር እግዚኦታ ሳደርስ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ተሰማኝ። ሕመሜን ሳይጠይቁ ቆሏቸውን የሚያካፍሉኝ ሰዎች ነበሩ። እንቅልፌ ተመለሰ።

ታዲያ አንድ ቀን አብራን የምትጠመቅ ሴት፣ «ክኒን የያዘ ሰው እግዚአብሔርን ተጠራጥሯል» አለችን። በክፋት አልነበረም፤ ለእርሷም እንዲሁ ተነግሯት ነው። እኔና አንዲት ጓደኛዬ መድኃኒታችንን ተውን። እኔ ሁለት ሳምንት ቆየሁና የልጆቼ ነገር አስፈራኝ። ሌሊት ሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንቤ በድብቅ መዋጥ ጀመርኩ። ለጓደኛዬ ግን አልነገርኳትም። እምነት የላትም እንዳልባል አፈርኩ።

ጥቂት ወራት አለፉ። ሳል ጀመራት፤ ከሳች፤ ከመኝታዋ መነሳት አቃታት። ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድሽ ስንላት እምቢ አለች። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ውኃ ሳጠጣት እንኳ እውነቱን አልነገርኳትም። አረፈች። ቀበርናት። ልጇን ያሳደገችው እህቷ ዛሬም ሳገኛት አቅፋ ትስመኛለች፤ እኔ ግን ዐይኗን ማየት ይከብደኛል።

በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንና ጸበሉን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል፣ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል በይፋ ተናገሩ። ስሰማ አለቀስኩ። ለብዙዎች ደርሶላቸዋል፤ ለእርሷ ግን ዘግይቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አባቶችን መጠየቅ ጀመርኩ። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ማለትም ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት፣ እንዲሁም ከሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ እንደተፈጠረ ይናገራል። ነፍስ ልባዊት ናት፤ ታስባለች። ነባቢት ናት፤ ትናገራለች። ሕያዊት ናት፤ አትሞትም። ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ መንፈሳቸውም፣ ነፍሳቸውም፣ ሥጋቸውም እንዲጠበቅ ሦስቱንም አንድ ላይ ጠርቶ ነው የሚጸልይላቸው። ሥጋን ተዉት አላለም።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ የኤልያስ ታሪክ ነው። ነቢዩ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ወድቆ ሞትን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፤ እምነትህ የት አለ ብሎም አልጠየቀውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ተኛ፤ ዳግመኛ ቀስቅሶ አበላው። አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ የደረሰው፣ የእግዚአብሔርንም ድምፅ የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። መጽሐፈ ሲራክም ሐኪሙን የፈጠረ፣ መድኃኒቱንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ታዲያ ክኒኑ የሌላ የማን ሊሆን ነው?

ይህን ስል ክኒን ብቻ ይበቃል ማለቴ አይደለም። መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰደች በሐዘንና በቂም የምትነድ እህት አለች። ገንዘብ ቆጥባ፣ ቤቷ ሞልቶ፣ የሚያዳምጣት ያጣች አለች። ይህ ማኅበር ለእኔ ሥራና ቁጠባ ብቻ አልሆነም። ሸማኔው እንጨት ላይ ተቀምጬ ክር ሳቀብል ወገቤ አረፈ፤ ቡና ሲፈላ ያለቀስኩት ልቅሶ ልቤን አሳረፈው። አጋሮቻችንም ይህን እንድታውቁልን እፈልጋለሁ፤ የምትረዱት እንጀራችንን ብቻ አይደለም።

እንግዲህ እህቶቼ፣ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ የኤችአይቪ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ በራሳችሁ አታቋርጡ። የኤችአይቪ መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይበዛል፤ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። ሱባኤ ስትገቡ መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ግቡ።

ሁለተኛ፣ ጾም ሲደርስ ሕመማችሁን ለሐኪማችሁም ለንስሐ አባታችሁም ንገሩ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን ታቀልላለች፤ ነገር ግን ያልተነገራቸው አባት ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? ሙስሊም እህቶቻችንም ረመዳን ሲመጣ እንዲሁ ሐኪማችሁንና የሃይማኖት አባቶቻችሁን አማክሩ።

ሦስተኛ፣ የዳናችሁበትን አትደብቁ። እኔ ደብቄ ጓደኛዬን አጥቻለሁ። ከጎናችሁ ያለችው ሴት ምናልባት የእናንተን አንድ ቃል እየጠበቀች ይሆናል።

ዛሬ ከማንም አልደበቅም። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ልጆቼ እያዩኝ አማትቤ ክኒኔን በጸበል እውጣለሁ። ትንሿ ልጄ ከረሳሁ «እማዬ፣ ሰዓትሽ ደርሷል» ትለኛለች።