መታጠፊያ ላይ የሚጠፋ ሞተር



ዛሬ የምናወራው ስለ ሞተር ነው። «እኛ ገበሬዎች ነን፤ የሞተር ነገር ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ግን እስቲ የሸዋ ሮቢትን ገበያ ልብ ብላችሁ እዩት። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ የሚወጣው በመኪና ነው። ማሾው የሚጫነው በመኪና ነው። ከየቀበሌው ወደ ከተማ የሚያመላልሰን ባጃጅ ነው። ከሮቢ ወንዝ ውሃ ስቦ ማሳ የሚያጠጣውም ሞተር ነው። ከመካከላችሁ ከወንድሙ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ባጃጅ የገዛ አለ። ልጁን ለሹፌርነት የላከም አለ። እንግዲህ ሞተር እንደ በሬው ሁሉ የቤታችን ሀብት ሆኗል ማለት ነው። በሬ ሲታመም የት የት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። ሞተርም እንደዚሁ ነው።

የሞተር ሕመም ብዙ ነው። ዛሬ የመረጥኩት አንዱን ብቻ ነው። መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ደኅና ይሄዳል። ጠባብ መታጠፊያ ላይ ሲደርስና መሪው ሲጠመዘዝ ሞተሩ ድንገት ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ይነሣል። ጋራዥ ሲወስዱት ደግሞ ምንም የለበትም፤ ጤነኛ ነው።

አንድ የማውቀው ሰው፣ የእኛው የቆላ ሰው ነው፣ ባጃጁ እንዲህ ያደርገው ነበር። (ሦስት እግር ያለውን ሁሉ ባጃጅ እንላለን እንጂ የሚሠሩት ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው።) አንድ ጠዋት ሦስት ሰው ጭኖ ከአስፋልቱ ወደ ገበያው ሲታጠፍ ሞተሩ መንገድ መካከል ላይ ጠፋበት። ከደሴ በኩል የጭነት መኪና እየመጣ ነበር። የዚያ ሹፌር ፍሬን ባይዝ ኖሮ ዛሬ ይህን ታሪክ በለቅሶ ነበር የምናወራው።

ሰውየው ወደ ጋራዥ ሄደ። ካንዴላ ተለወጠ፤ አልዳነም። ካርቡራተር ተለወጠ፤ አልዳነም። ሽንኩርት የሸጠበት ገንዘብ በዕቃ አለቀ። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት ምን ይመስላችኋል? ከመሪው አንገት ሥር አንድ ሽቦ ከብረት ጋር እየታሸ ልባሱ ተልጦ ነበር። መሪው ወደ ግራ ሲዞር የተላጠው ሽቦ ብረቱን ይነካል። ያን ጊዜ ወደ ካንዴላው የሚሄደው እሳት ይቋረጣል። መሪው ቀና ሲል ሽቦው ከብረቱ ይላቀቃል፤ እሳቱም ይመለሳል። ሽቦው በናስትሮ ተጠቀለለና ነገሩ አበቃ። ናስትሮ ስንት ብር እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ስሕተቱ የት ላይ ነበር? ዕቃ ከመለወጥ በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነበረበት። ጥያቄው ይኸ ነው፤ መኪና ቀጥ ብሎ ሲሄድ የሌለ፣ ሲታጠፍ ግን የሚመጣ ነገር ምንድን ነው?

የሚመጡት ነገሮች ሦስት ናቸው።

አንደኛው፣ ፈሳሽ ከቦታው ይሸሻል። አህያ ላይ በግማሽ የተሞላ ጀሪካን ስትጭኑ ውሃው ወዲያና ወዲህ ሲንገጫገጭ አይታችኋል። በሰርባትዮ ውስጥ ያለ ነዳጅም እንደዚሁ ነው። መኪናው በፍጥነት ወደ ግራ ሲታጠፍ ተሳፋሪው ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ነዳጁም አብሮት ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሰርባትዮው ሙሉ ከሆነ ግድ የለም። ነዳጁ ትንሽ ከሆነ ግን መሳቢያው ቧንቧ በባዶ ይቀራል፤ በነዳጅ ፈንታ አየር ይስባል። ለዚህ ነው አንዳንዱ መኪና ወደ አንድ ወገን ሲታጠፍ ብቻ የሚጠፋው። ናፍጣ ሞተር አየር ከሳበ ደግሞ በቶሎ አይነሣም፤ አየሩ በእጅ ፓምፑ መውጣት አለበት። ካርቡራተር ባለው ሞተር ውስጥም ትንሽ የቤንዚን ማጠራቀሚያ አለች። ቤንዚኑን የሚመጥነው ተንሳፋፊ ከልኩ ከወጣ በመታጠፊያ ላይ ወይ ይጎድላል፣ ወይ ይትረፈረፋል።

ሁለተኛው፣ ከመሪ ጋር የታሰረ ነገር ይሳባል። ሽቦና ካቦ በመሪው አንገት በኩል ያልፋሉ፤ መሪው በዞረ ቁጥር ይጠማዘዛሉ። የባጃጁ ሕመም ይኸ ነበር። በመኪናም ላይ ባትሪው በደንብ ካልታሰረ በመታጠፊያ ላይ ይንሸራተታል። ሞተሩ የተቀመጠበት ጎማ ከተበጠሰ ሞተሩ ራሱ ያዘነብልና ሽቦውን ይጎትታል። አንዳንድ ጊዜ ሞተሩ በመጥፋት ፈንታ በራሱ ይጮኻል። ያ ሲሆን የነዳጅ ካቦው ተወጥሯል ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ ሸክም ይጨመራል። መሪው በጣት የሚዞር መኪና አይታችኋል። መሪውን የሚያቀለው ፓምፕ ጉልበት የሚያገኘው ከሞተሩ ነው። መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ሸክሙ ከሁሉ ይበልጣል። የሞተሩ ሚኒሞ ዝቅ ካለ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ፍጥነት ካነሰ፣ ያን ሸክም አይችለውም። በብዙ መኪና ላይ ሚኒሞ በደቂቃ ከ700 እስከ 800 ዙር አካባቢ ነው። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ሲታፈን ሞተሩ ይደክማል። የይፋት ቆላ አቧራ ደግሞ ለማንም የሚራራ አይደለም።

አሁን ምርመራው። ሜዳ ላይ አቁሙት። ማርሹን ነፃ አድርጉ፤ ከጎማው ፊትና ኋላ ድንጋይ አድርጉ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ይራቅ። ሞተሩን አስነሡና መሪውን ቀስ ብላችሁ እስከ ግራው መጨረሻ፣ ከዚያም እስከ ቀኙ መጨረሻ አዙሩት። መጨረሻው ላይ ይዛችሁ አትቆዩ፤ ፓምፑን ይጎዳዋል።

በቆመበት ከጠፋ ነዳጁ ንጹሕ ነው። መኪናው ስላልተንቀሳቀሰ ነዳጁ የትም አልሸሸምና። እንግዲህ የቀሩት ሽቦና ሸክም ናቸው። የሞተሩን ድምፅ አዳምጡ። እንደ ደከመ በሬ እያቃሰተና እየቀነሰ ከጠፋ ሸክም ነው። በቢላዋ እንደተቆረጠ ክር በአንዴ ከጠፋ ሽቦ ነው። ከሞተሩ ጋር መብራቶቹም አብረው ከጠፉ መጀመሪያ ባትሪው ላይ ያሉትን ማሰሪያዎችና የቁልፉን ሽቦ እዩ።

በቆመበት ካልጠፋ ሰርባትዮውን ሞልታችሁ እዚያው መታጠፊያ ላይ ሞክሩት። ሕመሙ ከተወው የነዳጅ ማነስ ነው። ካልተወው ደግሞ ባትሪውን፣ የሞተሩን ጎማና ካርቡራተሩን በየተራ አስመርምሩ። በነዳጅ ምክንያት የሚጠፋ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከመጥፋቱ በፊት ይንተባተባል። ከጠፋ በኋላ ኃይለኛ የቤንዚን ሽታ ከሸተተ ተትረፍርፏል።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ ልንገራችሁ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚህ ተነሥታችሁ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ጣርማ በር ትደርሳላችሁ። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ዋሻ ያስቆፈረበት በር ነው። እዚያ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ ሮቢት ላይ ደኅና የነበረ ደካማ ሞተር እዚያ ጠመዝማዛ ላይ ሊጠፋ ይችላል። አንድ ወገኑ ደግሞ ገደል ነው።

ሞተር ሲጠፋ በትናንሽ መኪናዎች ላይ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል አብሮ ይቆማል። ለአንድ ሁለት ጊዜ ለመርገጥ የሚበቃ ይቀራል፤ ከዚያ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ሹፌር የሆነው ልጃችሁ ፍሬኑን አንዴ አጥብቆ ይርገጥ እንጂ ደጋግሞ እየለቀቀ አይርገጥ። መሪው ይከብደዋል፤ በሁለት እጁ በኃይል ያዙረው። መኪናው እስኪቆም ድረስ ግን ቁልፉን አይንቀል። ቁልፉ ከተነቀለ መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

የውሃ ፓምፕ ያላችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። አንዳንድ ፓምፕ ዘይት ሲያንሰው ሞተሩን በራሱ የሚያጠፋ መጠበቂያ አለው። በሮቢ ዳርቻ ተዳፋት ላይ ካስቀመጣችሁት ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። ሞተሩም ዘይት ያለቀ መስሎት ይጠፋል። ዘይቱን እዩ፤ ፓምፑን ደልዳላ ቦታ ላይ አስቀምጡት።

አሁን የመጨረሻው ነገር። ጋራዥ ስትሄዱ «መኪናዬ ይጠፋል» ብቻ አትበሉ። መጻፍ ችላችኋል አይደል? በጠፋ ቁጥር አንድ መስመር ጻፉ፤ ቀኑን፣ ወደ የት እንደታጠፈ፣ ነዳጁ ምን ያህል እንደነበረና እንዴት እንደጠፋ። አንድ ወጣት የጻፈው ወረቀት እንዲህ ይላል፦

ማክሰኞ። ወደ ቀኝ። ነዳጅ ትንሽ። ተንተባተበ።
ሐሙስ። ወደ ቀኝ። ነዳጅ ሙሉ። አልጠፋም።
ቅዳሜ። ወደ ግራ። ነዳጅ ትንሽ። አልጠፋም።
እሑድ። ወደ ቀኝ። ነዳጅ ትንሽ። ተንተባትቦ ጠፋ። መብራት አልጠፋም።

እስቲ ይህን ወረቀት ደግማችሁ አንብቡና ሕመሙ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ እናንተው ንገሩኝ።