ሳይቆፈር መለካት
(ለምእመናን ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣላችሁ ሥራ አንድ ረጅም ሜትር፣ ጥቂት ጠመኔና አንድ ደብተር ብቻ የሚጠይቅ ነው። ወጪው አነስተኛ በመሆኑም ሳይሆን አይቀርም በቀላሉ የሚረሳው። እኛም ረስተነው ነበር። ያስቆፈርናቸውን ጉድጓዶች ቍጥር በየዓመቱ ስንገልጽላችሁ ኖረናል፤ በውስጣቸው ያለው ውሃ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል ግን አልመዘገብንም።

የቆቦ ሜዳ በምዕራብ በደጋው፣ በምሥራቅ በዞብል ተራሮች የታጠረ ነው። ጎርፍ ለብዙ ዘመን ያከማቸው አሸዋና ጠጠር በውስጡ ውሃ ይዟል። የራያ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ጎርፉን ወደ ማሳው እየጠለፈ ማሽላና ጤፍ ያመርታል። ኋላም በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ በፓምፕ በሚወጣ ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማ ጀመር። የ1966ንና የ1977ን ረሃብ ላየ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ፓምፑ የሚስበው ውሃና እናቶች በገመድ የሚቀዱት ውሃ ብዙ ጊዜ የተገናኘ ነው። አንዱ ሲጎድል ሌላው ሊጎድል ይችላል።

ስለዚህ ነገር ከድንጋይ ከሰል ማውጫዎች የምንማረው አለ። በእኛ በኩል ከሰል በውጫሌ አካባቢ እንደሚገኝ ይታወቃል፤ እኛ ግን የምንሠራው በማውጫ አጠገብ አይደለም። ሆኖም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ከመሬት በታች ከሰል የሚያወጡ ሰዎች ዋሻቸው እንዳይጥለቀለቅ ውሃውን ያለማቋረጥ በፓምፕ ይስባሉ። በዚህ ጊዜ የከርሰ ምድሩ ውሃ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ወደዚያ ያዘነብላል፤ በዙሪያው ያሉ ምንጮችና ጉድጓዶች ይነጥፋሉ። ከከሰሉ ጋር ያለው የብረትና የድኝ ማዕድንም አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ይሆናል። ማውጫው ተዘግቶ ፓምፑ ሲቆም ያ ውሃ ከፍ ብሎ፣ ዝገት መስሎ በወንዝ ይወርዳል። በደቡብ አፍሪካ በኤማላህሌኒ ከተማ የከሰል ማውጫ ውሃን አጣርቶ ለመጠጥ የሚያደርስ ጣቢያ በ2007 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሯል፤ ይህ ግን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው።

በእንዲህ ያለ ስፍራ ነዋሪው «ጉድጓዴ ነጠፈ» ሲል፣ ባለ ማውጫው «ድርቅ ነው» ይላል። ከቁፋሮው በፊት የተጻፈ ልኬት ከሌለ ማን እውነቱን እንደተናገረ መለየት ያስቸግራል። በእኛም ሜዳ እንደዚሁ ነው። ዝናብ አንሶ ነው ወይስ ፓምፑ በዝቶ? ልኬት የሌለው ሰው መልስ የለውም፤ ጎረቤትም ከጎረቤት ይጣላል።

የመለካቱ ዘዴ ቀላል ነው። ማለዳ፣ ማንም ሳይቀዳ፣ ፓምፕም ሳይነሣ፣ የሜትሩን ጫፍ ጠመኔ ቀብቶ ማውረድ ነው። ለምሳሌ በጉድጓዱ አፍ 20 ሜትር ላይ ቢያዝና ከታች 1 ሜትሩ ረጥቦ ቢወጣ፣ ውሃው በ19 ሜትር ላይ አለ ማለት ነው። ሜትሩ ወደ መጠጥ ውሃ ከመግባቱ በፊት በደንብ ይታጠብ። በየወሩ በተመሳሳይ ቀን፣ ከተመሳሳይ ቦታ ይለካ፤ የዘነበውም ዝናብ ከጎኑ ይጻፍ። የፓምፑን ፍሰት ለማወቅ ባሊና ሰዓት ይበቃል፤ 20 ሊትር ባሊ በ10 ሴኮንድ ቢሞላ በሴኮንድ 2 ሊትር ነው። የውሃው ጣዕምና ቀለም ቢለወጥ ይመዝገብ፤ ናሙናውም ወደ ላቦራቶሪ ይላክ።

ደብተሩ በሁለት ቅጂ፣ በሁለት ስፍራ ይቀመጥ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ቆቦ በደረሰ ጊዜ ሰው ነፍሱን እንጂ ወረቀት ይዞ አልሸሸም።

እናንተ ደጋፊዎቻችን ከእንግዲህ «ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ?» ብቻ ሳይሆን «ውሃው ስንት ሜትር ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁን። እናንተ ሠራተኞችም የውሃውን ኮሚቴ፣ ከሁሉ በፊት ቀጂዎቹን እናቶች አስተምሩ። ገመድ ማስረዘም ሲጀመር ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ የእኛ ቅጠል ይህ ደብተር ነው።