ሕመሙ ሲተው አንጀቱ ድኗል ማለት ነው?

በሴሊያክ ታማሚዎች ክትትል ላይ ለነርሶችና ለሥነ ምግብ ባለሙያዎች በተዘጋጀ ሥልጠና የቀረበ የመክፈቻ ንግግር



የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 ወደ 1945 በተሻገረው ክረምት፣ በጀርመን ጦር የተያዘው የሆላንድ ምዕራባዊ ክፍል ተራበ። ዳቦ ጠፋ፤ ሰው የቱሊፕ አበባ ሥር እየቀቀለ እስከ መብላት ደረሰ። በሄግ ከተማ የሕፃናት ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሐኪም ቪለም ዲከ ግን በዚያው ክረምት አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አየ። ሆዳቸው ተነፍቶ፣ እጅና እግራቸው ሰልሎ በተቅማጥ የሚሠቃዩት የሴሊያክ ሕፃናት፣ አገሩ ሁሉ ሲከሳ እነርሱ አገገሙ። ዳቦው ሲመለስ ሕመማቸውም ተመለሰ። ዲከ ስንዴን መጠርጠር የጀመረው ከጦርነቱ በፊት ነው፤ ረሃቡ ጥርጣሬውን አጠነከረለት። በ1950 በኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጥናቱም ስንዴ ከገበታቸው ሲወጣ ሕፃናቱ እንደሚያገግሙ አሳየ።

ማገገማቸውን በምን አወቀ? በሚዛንና በሜትር። የሕፃናቱን ክብደትና ቁመት ለረጅም ጊዜ እየመዘገበ ነበር። ቫን ደ ካመርና ዋየርስ የተባሉት ባልደረቦቹ ደግሞ ከሰገራ ጋር የሚወጣውን ቅባት በቤተ ሙከራ መለካት ቻሉ፤ ስንዴ የበላው ሕፃን ቅባቱን ሳይመጥጠው ያስወጣዋል፣ ስንዴ የተከለከለው ግን ይጠቀምበታል። ዛሬ ብዙ ጊዜ ሕክምናው ተሰጥቶ ክትትሉ ይዘነጋል። በዲከ ዘመን ግን ሁለቱ አይነጣጠሉም ነበር፤ ሕክምናው መሥራቱ የታወቀው በክትትሉ ነውና።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዘዴዎች የሚዛንን ጉድለት አወጡ። ማርጎት ሻይነር የተባለች ሐኪም በ1956 ለንደን ውስጥ በቱቦ አማካይነት ከትንሹ አንጀት ናሙና መውሰድ እንደሚቻል አሳየች። ጤናማ የትንሹ አንጀት ግድግዳ እንደ ፎጣ ጸጉራም ነው፤ ምግብ የሚመጠጠው በእነዚያ ጥቃቅን ጸጉር መሰል ሽፋኖች በኩል ነው። በሴሊያክ ታማሚ ላይ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ በገዛ አንጀቱ ላይ ያዘምተዋል፤ ሽፋኑም ተመድምዶ ልሙጥ ይሆናል። ግሉተን ሲቀር መልሶ ይበቅላል። ግን መቼ?

የዚህ ሥልጠና ዋና ጉዳይ ይኸው «መቼ» ነው። በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች በ2010 ባሳተሙት ጥናት 241 አዋቂ ታማሚዎችን በተደጋጋሚ ናሙና ተከታትለዋል። ከግሉተን ነፃ ምግብ ከጀመሩ ከ2 ዓመት በኋላ የአንጀታቸው ሽፋን ማገገሙ የተረጋገጠው 34 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ5ኛው ዓመት 66 በመቶ ደረሱ። ልጆች በአብዛኛው ከዚህ ቶሎ ይድናሉ። አዋቂው ግን ተቅማጡ በሳምንታት ውስጥ ሊቆምለት፣ ክብደቱም ሊጨምር ይችላል፤ አንጀቱ ያኔ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። «ተሽሎኛል» የሚለው ቃል እውነት ነው፤ የሚናገረው ግን ስለ ስሜቱ እንጂ ስለ አንጀቱ አይደለም።

የደም ምርመራውስ? በ1997 በበርሊን የነበሩ ተመራማሪዎች የሴሊያክ ታማሚ መከላከያ የሚያጠቃው ቲሹ ትራንስግሉታሚኔዝ የተባለውን ኢንዛይም መሆኑን ደረሱበት። ዛሬ በአጭሩ «ቲቲጂ» የምንለው ምርመራ የመጣው ከዚያ ነው። በሽታውን ለማግኘት እጅግ ጎበዝ ነው። ለክትትልም ይጠቅማል፤ አመጋገቡ ከተስተካከለ መጠኑ በወራት ውስጥ መውረድ አለበት፤ መነሻው በጣም ከፍተኛ የነበረ ሰው ላይ ወደ ጤናማው ልክ ለመግባት ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። የማይወርድ ወይም ወርዶ መልሶ የሚወጣ ውጤት ግሉተን ከአንድ ቦታ እየገባ መሆኑን ይጠቁማል። ተቃራኒው ግን አይሠራም። አንጀታቸው ገና ካልዳነ ታማሚዎች መካከል ግማሽ ያህሉ ላይ ቲቲጂ ጤናማ ሆኖ እንደሚገኝ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ አሳይተዋል። ስለዚህ አንዲት ጤናማ ውጤት አይቶ የታማሚውን ካርድ የሚዘጋ ባለሙያ ቸኩሏል። ምርመራው የሚለካው የአይጂኤ ፀረ እንግዳ አካል እጥረት ያለበት ታማሚ ከሆነ ደግሞ የተለመደው ምርመራ ከመጀመሪያውም አይናገርም፤ በአይጂጂ የሚሠራው ያስፈልገዋል።

ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ አንዱ ሠልጣኝ «ታዲያ ሁሉንም ለኢንዶስኮፒ እንላክ?» ሊል ይችላል። አይደለም። አዋቂ ታማሚ ሕመሙ ካልተወው፣ ወይም ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ማገገሙን ማረጋገጥ ካስፈለገ፣ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ሊደረግ ይችላል፤ በደህና ሁኔታ እያደገ ላለ ልጅ እንደ ልማድ አይታዘዝም። ከሁሉ የረከሰውና ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የክትትል መሣሪያ በዝርዝር የሚቀርብ የምግብ ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ማእድ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ የሆላንድ ተመራማሪዎች በ2005 የተለያዩ የጤፍ ዓይነቶችን መርምረው ይህን በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ አውጥተዋል። «እንጀራ ብቻ ነው የምበላው» የምትል ታማሚ ግን ገና አልተጠየቀችም። እንጀራው ከምን ከምን ተቀላቅሏል? ገብስ የሚቀላቅል ቤት አለ። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች በሚሸጠው እንጀራ ውስጥም የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት መግባቱ የተለመደ ነው። ጤፉ የት ተፈጨ? ወፍጮ ቤት ገብስ ያስፈጨው ሰው ተነሥቶ ጤፍ ያመጣችው ስትተካ፣ ድንጋዩ ላይና መውረጃው ውስጥ የቀረው ዱቄት አብሮ ይወርድላታል። ሽሮውም በዚያው ወፍጮ ያልፋል። በምጣዱ ላይ ከእንጀራው በፊት የስንዴ ቂጣ ተጋግሮ ይሆን? በበዓል ጠላ ትቀምሳለች? ጠላ የሚጠመቀው በብቅል ነው፤ ብቅሉም በአብዛኛው የገብስ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ቅንጬ፣ የገብስ ገንፎ፣ ድፎ ዳቦ፤ እነዚህን አንድ በአንድ በስማቸው ካልጠሩ፣ «ግሉተን ትበያለሽ?» የሚለው ጥያቄ «አልበላም» ከሚል መልስ በቀር ምንም አያመጣም።

ይህ ማጋነን የሚመስለው ካለ መጠኑን ይመልከት። የጣሊያኑ ተመራማሪ ካታሲና ባልደረቦቹ በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ በቀን 50 ሚሊግራም ግሉተን ለ90 ቀናት የወሰዱ ታማሚዎች አንጀት ጉዳት ታይቶበታል። ይህ መጠን ከአንዲት ቁራሽ ዳቦ የሚረግፍ ፍርፋሪ ያህል ነው። «ከግሉተን ነፃ» ለሚባል ምግብ ዓለም አቀፉ ወሰን በኪሎ 20 ሚሊግራም ሲሆን፣ ልክ በወሰኑ ላይ ካለ ምግብ ግማሽ ኪሎ የበላ ሰው 10 ሚሊግራም ይወስዳል ማለት ነው። በሽንትና በሰገራ ውስጥ የግሉተን ቅሪት የሚፈልጉ አዳዲስ ምርመራዎችም አሉ፤ ነገር ግን ያለፉትን ጥቂት ቀናት ብቻ ስለሚያሳዩ ያለፈው ወር ጠላ አይታይባቸውም።

ሁሉን ግን በታማሚው ማእድ ማሳበብም ልክ አይደለም። አመጋገቧን ጠብቃ ተቅማጡ ያልተዋት ሴት ጃርዲያ ይዟት ሊሆን ይችላል፤ ጃርዲያ የአንጀትን ሽፋን በመጉዳት ሴሊያክን እስከ መምሰል ይደርሳል። ወተት አልስማማ ብሏት ይሆናል። አይረን፣ ፎሌት፣ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን መታየት አለባቸው፤ የአጥንት ጥግግትም እንዲሁ። የደም ማነስን ስንመዝን ደግሞ በከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ በተፈጥሮው ከፍ እንደሚል እናስብ፤ ለባሕር ጠለል የተሠራ ወሰን አዲስ አበባ ላይ የደም ማነስን ሊሸፍን ይችላል።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሠልጣኞች ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ ታማሚ አንዱ ጠያቂ ሆኖ፣ ከወፍጮ ቤት እስከ በዓል ድግስ ያለውን የአንድ ሳምንት ምግብ ይመዘግባሉ። የላቦራቶሪ ውጤቶች ንባብ ከምሳ በኋላ ይቀጥላል። ሥልጠናው በይፋ ተከፍቷል።