ባዳሚ፦ የቀይ ድንጋይ ከተማና ቤተ መቅደሶቿ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ የምናገርላት ከተማ ትንሽ ናት። ስሟ ባዳሚ ይባላል። የምትገኘውም በደቡብ ሕንድ፣ በካርናታካ ክፍለ ሀገር፣ በባጋልኮት አውራጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቿ 31,000 ያህል ነበሩ። ስለ ሩቅ አገር ቤተ መቅደስ ማውራት ለግንበኛና ለመሐንዲስ ምን ይጠቅመዋል የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን በባዳሚ የሚታየው ችግር የሙያችን ችግር ነው፤ ይኸውም አንድ ሕዝብ የሚኖርበት ከተማና ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በፊት የተሠራ ሥራ፣ አንዱን ድንጋይና አንዱን ውሃ ተካፍለው እንዴት አብረው ሊዘልቁ ይችላሉ የሚለው ነው።

አቀማመጧን ያላወቀ ታሪኳን አያውቅም። በሰሜንና በደቡብ ሁለት ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ኮረብቶች ቀጥ ብለው እንደ ግድግዳ ቆመዋል። በመካከላቸው ያለው ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ጠባብ ገደል ነው፤ ወደ ምዕራብ ግን ይከፈታል። ጥንታውያኑ የሸለቆውን ምዕራባዊ አፍ በክትር ዘግተው ከኮረብቶቹ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ አጠራቀሙ፤ ይህም ዛሬ የአጋስትያ ሐይቅ የሚባለው ነው። ከተማዋ ከክትሩ በታች ተቀመጠች። አገሩ ደረቅ ነው፤ ዝናቡ የሚጠበቀው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ትልቁ የማላፕራባ ወንዝም ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ንጉሥ መቀመጫውን እዚህ ያደረገበትን ምክንያት ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ሁለት የተፈጥሮ ምሽጎችና በመካከላቸው የተከተረ ውሃ አሉና ነው።

የሐይቁ ስም ከአንድ ተረት ጋር ይያያዛል። ኢልቫላና ቫታፒ የሚባሉ ሁለት ወንድማማች አጋንንት ነበሩ ይባላል። ቫታፒ በግ ይሆንና ይታረዳል፤ ወንድሙም አብስሎ ለእንግዳ ያቀርበዋል። እንግዳው በልቶ ሲያበቃ ኢልቫላ የወንድሙን ስም ይጠራል፤ ቫታፒም የእንግዳውን ሆድ ቀዶ ይወጣል። አጋስትያ የተባለው ጠቢብ ግን በልቶ ሆዱን ዳበስ አደረገና በጉ እንደ ተፈጨ ተናገረ። የከተማዋ የጥንት ስም ቫታፒ የሆነው ከዚህ ጋኔን ስም እንደ ሆነ የአገሩ ሰዎች ያወሳሉ።

ከተረቱ ወደ ተጻፈው ታሪክ ስንመጣ፣ በሰሜኑ ኮረብታ ገደል ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ቀዳማዊ ፑላኬሺን እ.ኤ.አ. በ543 ኮረብታውን ምሽግ እንዳደረገው ይናገራል። የቻሉክያ ነገሥታት ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የልጅ ልጁ ዳግማዊ ፑላኬሺን የሰሜን ሕንድን ኃያል ንጉሥ ሃርሻን በናርማዳ ወንዝ ላይ መልሶታል፤ ይህንንም በአይሆሌ የሚገኘው እ.ኤ.አ. የ634 ጽሑፍ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ድሉ አልቆየለትም። እ.ኤ.አ. በ642 የፓላቫው ንጉሥ ናራሲምሃቫርማን ከካንቺ ተነሥቶ ከተማዋን ያዘ፤ «የቫታፒ ድል አድራጊ» የሚለውንም ስም ለራሱ ወሰደ፤ ድሉንም በዚያው በባዳሚ ዐለት ላይ አስቀረጸ። ከተማዋ በጠላት እጅ አሥራ ሦስት ዓመት ያህል ከቆየች በኋላ ቀዳማዊ ቪክራማዲትያ አስመለሳት። በስምንተኛው ምዕት ዓመት እኩሌታ ላይ ራሽትራኩታዎች የቻሉክያን መንግሥት ሲገለብጡ ባዳሚ ዋና ከተማነቷ አበቃ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ እለፈው። ከተማዋ በቪጃያናጋር፣ በቢጃፑር ሱልጣኖች፣ በማራታዎችና በማይሶር ገዢዎች እጅ ተዘዋውራ እ.ኤ.አ. በ1818 በእንግሊዞች ተያዘች። በመንገዳችን ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ በቢጃፑር ቤተ መንግሥት «ሐበሺ» የሚባሉ ከምሥራቅ አፍሪካ የሄዱ መኳንንት ትልቅ ሥልጣን ነበራቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ኢኽላስ ኻን፣ እ.ኤ.አ. ከ1627 እስከ 1656 በነገሠው በሙሐመድ አዲል ሻህ ዘመን ዋና ሹም ነበረ። የወገናችን ስም በዚያ አገር ታሪክ ውስጥ መገኘቱን ከእኛ ብዙዎች አያውቁም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በደቡቡ ኮረብታ ወገብ ላይ አራት ዋሻዎች ተፈልፍለዋል። የመጀመሪያው ለሺቫ የተሠራ ነው፤ በመግቢያው አጠገብ አሥራ ስምንት እጅ ያለው ሺቫ ሲጨፍር ይታያል። ሁለተኛውና ሦስተኛው የቪሽኑ ናቸው፤ አራተኛው ደግሞ የጃይና ሃይማኖት ተከታዮች ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው ሲሆን የፊቱ ስፋት 21 ሜትር ያህል ነው። በውስጡ ያለው ጽሑፍ ቀኑን ቆርጦ ይነግረናል፤ ልዑል ማንጋሌሻ ለወንድሙ ለንጉሥ ኪርቲቫርማን መታሰቢያ ያሠራውና እ.ኤ.አ. በ578 የተመረቀ ነው። የአንድ መንደር ግብርም ለቤተ መቅደሱ አገልግሎት ተመድቦለታል። በሕንድ ዋሻዎች መካከል እንዲህ ዓመተ ምሕረቱ የታወቀ ጥቂት ነውና ለታሪክ ጸሐፊዎች ትልቅ ሀብት ነው።

የአሠራሩን ዘዴ እንመልከት። በላሊበላ ጠራቢው ከላይ ወደ ታች ዙሪያውን ቆፍሮ ሕንፃውን ከዐለቱ ይለየዋል፤ በባዳሚ ግን ከገደሉ ፊት ወደ ውስጥ በአግድም ይገባል። መጀመሪያ በረንዳ፣ ቀጥሎ ባለ ዓምድ አዳራሽ፣ በስተ መጨረሻ በኋለኛው ግድግዳ ውስጥ የተቆረጠች ትንሽ መቅደስ ይሠራል። ጣሪያው፣ ዓምዱና ወለሉ አንድ አካል ስለ ሆኑ የምንገነባው ቤት የሚጠይቀው ማጋጠሚያና ማሰሪያ አያስፈልግም። ሆኖም ጠራቢዎቹ የእንጨት ቤት ልማዳቸውን አልረሱም፤ የሦስተኛው ዋሻ ክፈፍ ከታች ሲያዩት እንደ እንጨት ማገር ተቀርጿል፤ ከዓምዶቹ ራስ ላይም ሸክም የሌላቸው ደጋፊዎች በሰው መልክ ተሠርተዋል። በእኔ አስተያየት ይህ የማታለል ሥራ አይደለም፤ አንድ ሙያ ከእንጨት ወደ ድንጋይ ሲሸጋገር የቀድሞውን ቋንቋ ይዞ የሚሄድ መሆኑን ያሳያል።

ከዋሻው ቀጥሎ የመጣው በተጠረበ ድንጋይ የሚገነባው ቤተ መቅደስ ነው። በሰሜኑ ኮረብታ ላይ በአንድ ግዙፍ ቋጥኝ አናት የተቀመጠው ማሌጊቲ ሺቫላያ በሰባተኛው ምዕት ዓመት የተሠራ ሲሆን፣ ድንጋዮቹ ያለ ኖራ ተገጣጥመው በክብደታቸው ብቻ ቆመዋል። በሐይቁ ምሥራቅ ዳር ያለው ቡታናታ ደግሞ ውሃው ሲሞላ በማዕበሉ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ይህ ሙከራ በአይሆሌና በፓታዳካል እየበሰለ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ740 ገደማ ንግሥት ሎካማሃዴቪ ባሠራችው የቪሩፓክሻ ቤተ መቅደስ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ባሏ ዳግማዊ ቪክራማዲትያ ካንቺን ድል ባደረገ ጊዜ ከተማዋን አላፈረሰም፤ የቤተ መቅደሷንም ሀብት መለሰ፤ የቪሩፓክሻም ሕንፃ የካንቺውን ይመስላል። አያቶቹን ያሸነፈ ሕዝብ የሠራውን አድንቆ መማር የሚችል ድል አድራጊ ብዙ ጊዜ አይገኝም። እኛን ይበልጥ የሚነካን ግን የዚህ ሕንፃ ጽሑፍ ጉንዳ የተባለውን ዋና ግንበኛ በስሙ ጠርቶ የተሰጠውን የክብር ማዕረግ መጥቀሱ ነው። በባዳሚም ዋሻዎች አካባቢ የጠራቢዎች ስም ተቀርጾ ይታያል። የሠሪው ስም ከአሠሪው ስም ጋር የቆየባቸው አገሮች ጥቂቶች ናቸው።

ወደ ችግሩ ልምጣ። የአሸዋ ድንጋይ ለመሮ የሚመች የሆነው ልል በመሆኑ ነው፤ ያው ልልነቱ ውሃ ይጠጣል። ውሃው በንብብሩና በስንጥቁ ገብቶ ጨውን ያሟሟል፤ ሲደርቅም ጨው እየጠጠረ የድንጋዩን ፊት እንደ ቅርፊት ያነሣዋል። በዚህ ላይ የቆየው የባዳሚ ሠፈር ቤቶች እስከ ሐይቁ ክትርና እስከ ኮረብታው ግርጌ ተጠግተው ተሠርተዋል። የሕንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው የቅርስ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሻሻል፣ በተጠበቀ ቅርስ ዙሪያ እስከ 100 ሜትር ድረስ አዲስ ግንባታን ከለከለ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውንም 200 ሜትር በፈቃድ ብቻ እንዲሠራበት አደረገ። ሕጉ ለድንጋዩ መልካም ነው። ግድግዳው ለዘመመበት፣ ልጁን ድሮ ጎጆ ሊያወጣለት ለሚያስብ ሰው ግን ከባድ ሸክም ነው፤ ለጥገና እንኳ ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

መንደሩን አንሥቶ ሌላ ቦታ ማስፈር ቀላል መፍትሔ ይመስላል። እኔ ግን አልቸኩልም። በአይሆሌ ያለው ላድ ኻን የሚባለው ቤተ መቅደስ ስሙን ያገኘው በውስጡ ይኖር ከነበረ ሙስሊም ነው። ሰው የኖረበት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ ይደፈናል፤ ባዶ የቀረ ቤት ግን ዛፍ ይበቅልበታል። ከሰዎቹ በፊት ሊነሣ የሚገባው ውሃው ነው፦ የሠፈሩ ፍሳሽ ወዴት ይወርዳል፣ ከኮረብታው አናት የሚሰርገው ዝናብ በየትኛው ስንጥቅ ይገባል፣ ክትሩስ ምን ያህል ያሰርጋል? ይህ የመለኪያና የቦይ ሥራ ነው፤ ከማስፈር ይልቅ ርካሽ ነው፤ የማንንም ምድጃ አያጠፋም። ለካ ሳይባል አፍርስ የሚል መሐንዲስ ካለ፣ እኔ ከእርሱ ጋር አልስማማም።

ክቡራትና ክቡራን፤ የሦስተኛውን ዋሻ ክፈፍና የማሌጊቲን የድንጋይ መጋጠሚያ በቃል ከምነግራችሁ በዓይናችሁ ብታዩት ይሻላል። ሥዕሎቹ ተዘጋጅተዋልና መብራቱ ይጥፋልን፤ ጥያቄ ያላችሁ ሥዕሉ በፊታችሁ እያለ ጠይቁኝ።