የቀድሞ ወታደሮቻችንን እናሳክም
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በርካታ ወታደሮች ድንበር ተሻግረው ሱዳን ገቡ። ከእነርሱ መካከል በገዳሪፍ አካባቢ የቀሩት ወንድሞቻችን በሰሊጥና በማሽላ እርሻ ጉልበታቸውን ጨርሰው ዛሬ አርጅተዋል። የቆየ ቁስል፣ ስኳርና የደም ግፊት ያሠቃያቸዋል። ካላዛርም የዚሁ የእርሻ አገር በሽታ ነው፤ ካልታከመ ይገድላል። ከተለመዱት ሕክምናዎቹ አንዱ 17 ቀን የሚወሰድ መርፌ ነው፤ ይህም ለቀን ሠራተኛ 17 ቀን ያለ ገቢ መክረም ማለት ነው።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመው ከደንቢያው የወባ እልቂት በኋላ፣ የጤና ባለሙያ ወደ ገጠሩ እንዲወርድ ነበር። ዛሬ የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለው። የገዳሪፍ ዩኒቨርሲቲም የሕክምና ፋኩልቲ አለው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተነሣው የሱዳን ጦርነት ብዙ ተፈናቃይ ወደ ገዳሪፍ ስላመጣ ሐኪም ቤቶቿ ተጨናንቀዋል።

ስለዚህ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲተባበሩ፣ አንዱ የጻፈውን የሕመምተኛ መላኪያ ወረቀት ሌላው እንዲቀበል፣ እዚህ የተጀመረ ሕክምና እዚያ እንዲቀጥል በአክብሮት እንጠይቃለን። እኛም የመጓጓዣውንና የአስታማሚውን ወጪ እናዋጣ። ስንሞት የሚቀብረን እድር አለን፤ በሕይወት ሳለን የሚያሳክመንም ይኑረን።