ትልቋ ሁሉ ንግሥት አይደለችም
(በማኅበራችን የወጣቶች ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)

 

በስሕተቴ ልጀምር። መጀመሪያ ላይ ከሰፈራችን ሜዳ ጭንቅላቷ የገዘፈ ጥቁር ጉንዳን ያዝኩና ለታናሽ ወንድሜ «ይቺ ንግሥት ናት» ብዬ ሰጠሁት። ልጁ ጠዋት ጠዋት «እንቁላል ጣለች ወይ?» እያለ ሲያያት ሰነበተ። ምንም የለም። በመጨረሻም ሞተች። ለካስ ሠራተኛ ኖራለች፤ ከወገኖቿ የለየኋት እኔ ነኝ።

እዚህ አገር በየሜዳው የምናያት፣ ዘር እየለቀመች የምታከማቸው ጥቁር ጉንዳን፣ በሳይንስ ስሟ «ሜሶር»፣ ታሳስታለች። ከአንድ ጎጆ ደቃቃ ሠራተኛም ትልቅ ሠራተኛም ይወጣል። ትልልቆቹ ጭንቅላታቸው የገዘፈው ጠንካራ ዘር ስለሚሰብሩበት ነው። ስለዚህ ትልቅነቷን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ።

ደረቷን እዩ፤ በጭንቅላቷና በሆዷ መካከል ያለውን፣ እግሮቿ የበቀሉበትን ማለቴ ነው። የሠራተኛዋ ቀጭን ነው። የንግሥቲቱ ግን ወፍራምና ከላይ ጎበጥ ያለ ነው፤ የመብረሪያ ጡንቻ አለበታ! ክንፏን ከጣለች በኋላም በጎንና በጎኑ ትንንሽ ጠባሳ ይቀራል። በስልካችሁ ካሜራ አቅርባችሁ ተመልከቱት።

ክንፍ ያለውም ሁሉ ንግሥት አይደለም፤ ወንዱም ክንፍ አለው። እሱ ከንግሥቲቱ ያንሳል፤ ጭንቅላቱም ከደረቱ ጋር ሲታይ በጣም ትንሽ ነው።

መቼ ትገኛለች? ዮሬ፣ የመጀመሪያው ዝናብ፣ ከጣለ በኋላ ነው፤ ስግድን በምናከብርበት ወራት አካባቢ። ክንፋሞቹ ያን ጊዜ ይበራሉ። ክንፏን ጥላ ብቻዋን መሬት ላይ ወዲያ ወዲህ የምትል ካገኛችሁ እሷን ያዙ። ጎጆ ቆፍራችሁ ግን ንግሥት አታውጡ፤ ንግሥት ያጣ ጎጆ ቀስ በቀስ ያልቃል።

ከያዛችኋት በኋላ ውሃው በጥጥ በታገደ የመስታወት ቱቦ ውስጥ አድርጋችሁ፣ አፉንም በጥጥ ዘግታችሁ፣ ጨለማ ቦታ አኑሯት። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች እስኪወጡ ምግብ አያስፈልጋትም። በሰውነቷ ካከማቸችው ስብና ከዚያው ከመብረሪያ ጡንቻዋ ልጆቿን ታሳድጋለች። አያችሁ? ንግሥት መሆኗን የነገራችሁ ደረት ነው ስንቋ የሚሆነው። በየቀኑ እያነሣችሁ አታስደንግጧት፤ የደነገጠች ንግሥት እንቁላሏን ልትበላ ትችላለች። ሳምንታት ይፈጃልና ታገሡ።

ባለፈው ዓመት ከዝናቡ በኋላ ወንድሜ አንዲት ይዞ መጣና «ንግሥት ናት» እንድለው ሳይጠብቅ «ጠባሳውን አየሁት» አለኝ። ቱቦውን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ታገሠ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደቃቃ ሠራተኞች ከበዋት አገኘ። እኔንም ያኔ ይቅር ያለኝ ይመስለኛል።