የፖሊስን ጥፋት ማን ይመርምር?

(በማኅበራችን የክርክር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ፖሊስ ያለ ሕግ የመታው ሰው ለማን አቤት ይበል? ወደ ጣቢያው ቢሄድ ቃሉን ተቀብሎ የሚጽፈው የመታው ሰው ባልደረባ ነው። አባቶቻችን «አባቱ ዳኛ፥ ልጁ ቀማኛ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። እንግዲህ የኔ አሳብ ይህ ነው፤ መርማሪው ከፖሊስ ውጭ ይሁን፤ የመረመረውም ነገር ምክር ሆኖ አይቅር።

የኒው ዮርክ ከተማ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። (ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ከተማይቱ በ1953 ዓ.ም. የሕዝብን አቤቱታ የሚሰማ ቦርድ አቋቋመች፤ አባሎቹ ግን የዚያው የፖሊስ መሥሪያ ቤት ሹማምንት ነበሩ። በ1966 ዓ.ም. ከንቲባው ጆን ሊንድሴይ አራት ሲቪሎች ጨመሩበት። የፖሊሶቹ ማኅበር ተቆጥቶ ነገሩን ለሕዝብ ድምፅ አቀረበ፤ የፖሊስ እጅ ከታሰረ ወንጀለኛ ይሠለጥናል ብሎም ሰበከ። ሕዝቡ ፈራ፤ በዚያው ዓመት ያን ቦርድ በድምፁ ሻረው። ቦርዱ በሙሉ የሲቪሎች የሆነው በ1993 ዓ.ም. በከንቲባ ዴቪድ ዲንኪንስ ዘመን ነው። አርባ ዓመት ፈጀ! ዛሬም ቢሆን ቦርዱ ጥፋት ቢያገኝ የመጨረሻውን ቅጣት የሚወስነው የፖሊሱ ኮሚሽነር ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በኛ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፥ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፥ ቃሉንም በኃይል እንዳይቀበሉት ደንግጎ ነበር። የሰብአዊ መብት ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋምም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቆሙ። ነገር ግን ሁለቱም ብዙውን የመንግሥት ሥራ የሚመለከቱ እንጂ ለፖሊስ ብቻ የቆሙ አይደሉም።

«ፖሊስ ክስ ከፈራ ሌባ አይዝም» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። እኔ ግን እላለሁ፤ ከውጭ የመጣ መርማሪ ያለ ጥፋቱ የተከሰሰውንም ፖሊስ ነጻ ያወጣዋል። ባልደረባው «ንጹሕ ነው» ቢል ግን ማን ያምናል?

ስለዚህ አቤቱታ ተቀባዩ ከጣቢያው ውጭ ይቀመጥ፤ መልሱ በተቆረጠ ቀን በጽሑፍ ይሰጥ፤ አዛዡም ውሳኔውን ካልተቀበለ ምክንያቱን ለሕዝብ ይግለጥ። ሕግ አስከባሪውን የሚጠይቅ ከሌለ ሕጉ ራሱ ምን ጠባቂ አለው?